ለሥራ አቢጃን በአፍሪካ ዋንጫ ሰሞን፦ ስብሰባውንም ጨዋታውንም አብሮ ማስኬድ

ሰነድ_ያዥ · ታኅሣሥ 29 ቀን 2016

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥር 6 እስከ ጥር 17 አቢጃን ፕላቶ ውስጥ ስብሰባ አለን፤ የአፍሪካ ዋንጫው ደግሞ ጥር 4 ይጀመራል። ከቡድናችን ግማሹ ኳስ ወዳጅ ነው፣ ግማሹ ሥራው ይበላሻል ብሎ ሰግቷል። የት ማረፍ ይሻላል? ኮትዲቯር ራሷ በምትጫወትበት ቀን ስብሰባ ይደረጋል ወይ? ትኬትስ እዚያ ተደርሶ ይገኛል? ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙም አሉ። የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልን ለሌላውም ይጠቅማል።

ላጉን_ዳር · ታኅሣሥ 29 ቀን 2016

ከማረፊያው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነው።

አቢጃን ኤብሪዬ በሚባለው የባሕር ዳር ሐይቅ የተከፋፈለች ከተማ ናት። ፕላቶ መሃሉ ነው፤ ባንኮቹ፣ መሥሪያ ቤቶቹና የአፍሪካ ልማት ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ናቸው። በስተሰሜን አጃሜ፣ አቦቦና አንያማ አሉ። 60,000 ሰው የሚይዘው አዲሱ የአላሳን ዋታራ ስታዲየም አንያማ ውስጥ ኤቢምፔ የሚባለው ቦታ ላይ ነው። በስተደቡብ ድልድይ ተሻግራችሁ ትሬሽቪል፣ ማርኮሪና ኩማሲን ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ኤርፖርቱ ያለበት ፖርቡዌ ይመጣል። ኮኮዲ በምሥራቅ፣ ዮፑጎን በምዕራብ ነው።

እንግዲህ ኤርፖርቱ በደቡብ ጫፍ፣ ትልቁ ስታዲየም በሰሜን ጫፍ ሆነው መካከላቸው ድልድዮች አሉ። የጨዋታ ቀን መጨናነቅ መነሻው ይኸው ነው። ከደቡብ የሚመጣው ደጋፊ በሙሉ ድልድይ ይሻገራል፤ ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ወደ አንያማ የሚወስዱት መንገዶች ጥቂት ናቸው።

ስብሰባችሁ ፕላቶ ከሆነ እዚያው ፕላቶ እደሩ፤ ካልተገኘ ኮኮዲ። ከፕላቶ ወደ ኮኮዲ ባለፈው ነሐሴ የተከፈተ አዲስ ድልድይ አለ። ማርኮሪ ውስጥ ዞን ካትር የሚባለው ሰፈር ምግቡም መዝናኛውም ደስ ይላል፣ ብዙ እንግዳም ይመርጠዋል። ለዚህ ሰሞን ግን አልመክርም፤ ጠዋትና ማታ ድልድይ መሻገር ስብሰባችሁን ያዘገየዋል። ሆቴሉን ዛሬውኑ ያዙ። ስትይዙም ዋጋውን ብቻ አትዩ፤ ቀን ቢቀየር ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻል እንደሆነ አረጋግጡ። በውድድር ሰሞን ብዙ ሆቴሎች ይህን መብት ያነሡታል።

የመስመር_ዳኛ · ታኅሣሥ 29 ቀን 2016

መርሐ ግብሩን በእኛ ቀንና ሰዓት ላስቀምጠው።

በምድብ ጨዋታዎች ሦስት የመጀመሪያ ሰዓቶች አሉ፦ 14፣ 17 እና 20። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8፣ ከቀኑ 11 እና ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። አቢጃን ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ የምሽት 2 ሰዓቱ ጨዋታ አዲስ አበባ ላለ ሰው 5 ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው። ስብሰባ ስትቀጥሩ በ24ቱ ሰዓት ጻፉ። «2 ሰዓት» ብሎ በፈረንሳይኛ ለባልደረባ መጻፍ ስብሰባውን ሌሊት ላይ ይጥለዋል።

እናንተ ባላችሁበት ጊዜ አቢጃን ውስጥ የሚደረጉት እነዚህ ናቸው። ሐሙስ ጥር 9 ኤቢምፔ ላይ ኢኳቶሪያል ጊኒ ከጊኒ ቢሳው (14)፣ ቀጥሎ እዚያው ኮትዲቯር ከናይጄሪያ (17)፣ ማታ ፕላቶ ውስጥ ባለው በፊሊክስ ኡፉዌ ቧኚ ስታዲየም ግብፅ ከጋና (20)። ዓርብ ጥር 10 ፕላቶ ላይ ኬፕ ቨርዴ ከሞዛምቢክ (14)። ሰኞ ጥር 13 አራት ጨዋታ በአንድ ከተማ አለ፦ በ17 ሰዓት ኮትዲቯር ከኢኳቶሪያል ጊኒ ኤቢምፔ፣ ናይጄሪያ ከጊኒ ቢሳው ፕላቶ፤ በ20 ሰዓት ጋና ከሞዛምቢክ ኤቢምፔ፣ ግብፅ ከኬፕ ቨርዴ ፕላቶ።

ጥር 9ን እና ጥር 13ን በቀይ አክብቡ። በእነዚህ ቀናት ከተማዋ በሁለት አቅጣጫ ትዘጋለች፤ ከሰሜን በኤቢምፔ፣ ከመሃል በፕላቶ።

ጉዞ_አስተባባሪ · ታኅሣሥ 30 ቀን 2016

የመስመር ዳኛ ባስቀመጠው ላይ የሥራ ሰዓቱን ልጨምር።

በሁለቱ ቀይ ቀናት ስብሰባውን በ8፡00 ጀምራችሁ በ12፡00 ጨርሱት። የምሳ ዕረፍቱን ወደ መጨረሻው ግፉት፤ መካከል ላይ ከገባ ከምሳ በኋላ የሚመለስ ተሳታፊ አታገኙም። ፊርማና ማኅተም የሚያስፈልገው ሰነድ ከሰዓት በኋላ እንዲፈረም አትቅጠሩ። ፈራሚው ቢኖር ማኅተሙን የያዘው ሠራተኛ ይሄዳል፣ ሰነዱም ወደ ማግሥቱ ይተላለፋል። የፈረንሳይኛ አስተርጓሚ የምትከራዩ ከሆነ ውሉ ላይ መጨረሻ ሰዓቱን በግልጽ ጻፉ፤ በግማሽ ቀን ሂሳብ ይዋዋሉ።

ከአዲስ አበባ ጋር የምታደርጉትን ሥራ የሰዓት ልዩነቱ ያግዛችኋል። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት በ17፡30 ሲዘጋ አቢጃን ገና 14፡30 ነው። ስለዚህ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚጠየቅ ሁሉ የ17 ሰዓቱ ጨዋታ ሳይጀመር ያልቃል። በማለዳ 6፡00 ተነሥታችሁ ብትጀምሩ አዲስ አበባ 9፡00 ስለሆነ ሁሉም ቢሮው ውስጥ ነው።

በ20 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ ባለበት ማግሥት የመጀመሪያውን ስብሰባ በ9፡00 አድርጉት። ጨዋታው በመደበኛ ሰዓት ከ21፡50 በኋላ ያልቃል፤ በጥሎ ማለፍ ተጨማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ እስከ 22፡45 ይሄዳል። ሰው ቤቱ የሚገባው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው።

ሂሳብ_ሹም · ታኅሣሥ 30 ቀን 2016

በአክብሮት ልለይ። መሥሪያ ቤት የሚከፍለው ውሎ አበል ለሥራ ነው። ለኳስ ብሎ የስብሰባ ሰዓት መቀየር ጥሩ ልማድ አይደለም፤ አንዴ ከተፈቀደ ማለቂያ የለውም። ተሳታፊዎቹ ቃላቸውን ይጠብቁ።

ላጉን_ዳር · ታኅሣሥ 30 ቀን 2016

ሂሳብ ሹም፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ የመንግሥት ገንዘብ ነውና። ነገር ግን እዚህ ላይ ምርጫው በእንግዳው እጅ አይደለም። ኮትዲቯር ይህን ውድድር ያስተናገደችው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በ1984 በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ያኔም ከምድቧ አላለፈችም። ዋንጫውን ሁለት ጊዜ ወስዳለች፤ በ1992 እና በ2015፣ ሁለቱንም ጋናን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ፣ ሁለቱንም ከአገሯ ውጭ። አሁን የሚጠበቀው የአርባ ዓመት ነገር ነው። ሾፌሩ፣ ጥበቃው፣ አስተናጋጁ፣ ዳይሬክተሩ አንድ ላይ ነው የሚወጡት። ለ15፡00 የተቀጠረ ስብሰባ ላይ እናንተ ብቻችሁን ትቀመጣላችሁ። ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማምጣት ሥራውን ያድነዋል፤ የሥራ ሰዓቱ አያንስም፣ ቦታው ነው የሚቀየረው።

ደግሞም የጋራ ሥራ ከሰው ጋር የሚሠራ ነው። አብሯችሁ ጨዋታ ያየ ባልደረባ በማግሥቱ ስልካችሁን ያነሣል።

ሂሳብ_ሹም · ታኅሣሥ 30 ቀን 2016

ሰዓቱ ካልተቀነሰ ተቃውሞ የለኝም። ለውጡ አስቀድሞ በደብዳቤ ይግባ፤ በኋላ ሪፖርቱ ላይ ጥያቄ እንዳይነሣ።

ማርኮሪ · ጥር 1 ቀን 2016

ሰነዶችና ገንዘብ ላይ አጭር ነገር።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱ ግዴታ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ይሁን። ቪዛውን በኢንተርኔት አስቀድማችሁ የጠየቃችሁ ከሆነ የመፍቀጃውን ወረቀት አትማችሁ ያዙ፤ በመጡ ጊዜ ኤርፖርት ላይ አሻራና ፎቶ አለ፣ ሰልፍ አለ። የሚቀበላችሁ ሾፌር ይህን ጊዜ አስቦ ይምጣ።

ገንዘቡ የምዕራብ አፍሪካ ሴፋ ፍራንክ ነው። ከዩሮ ጋር ዋጋው ቋሚ ነው፤ 1 ዩሮ 655.957 ሴፋ። ስለዚህ ዩሮ ይዞ መሄድ ከዶላር ይሻላል፤ በዩሮ የሚያታልላችሁን ወዲያው ታውቃላችሁ፣ የዶላሩ ግን በየቀኑ ይለዋወጣል። ከካሜሩን ጉዞ የተረፈ ሴፋ ያላችሁ አቢጃን ላይ አያገለግልም፤ የማዕከላዊ አፍሪካው ሌላ ገንዘብ ነው።

የ10,000 ኖት ለታክሲና ለምግብ ቤት አስቸጋሪ ነው፤ መልስ የለኝም ይባላል። ባንክ ስትመነዝሩ የ1,000 እና የ2,000 ኖት ጠይቁ። ማርኮሪን ከኮኮዲ ሪቪዬራ የሚያገናኘው የሄንሪ ኮናን ቤዲዬ ድልድይ የሚከፈልበት ስለሆነ ለሱም ዝርዝር ያስፈልጋል። ሲም ካርድ በፓስፖርት ይመዘገባል። ከመሥመሩ ጋር የሞባይል ገንዘብ ብትከፍቱ መንገድ ላይ ያለ ሻጭ እንኳ በስልክ ይቀበላችኋል።

ሰነድ_ያዥ · ጥር 1 ቀን 2016

በጣም አመሰግናለሁ። የጥር 9 እና የጥር 13 ስብሰባ ወደ ጠዋት ተዛውሯል፣ ደብዳቤውም ወጥቷል። ትኬቱስ?

የመስመር_ዳኛ · ጥር 2 ቀን 2016

ትኬት በካፍ የኢንተርኔት መሸጫ ይሸጣል። የኮትዲቯርን ጨዋታ ለማግኘት አትድከሙ፤ ጊዜ ይፈጃል። ለእናንተ የሚሻለው ፕላቶ ያለው ስታዲየም ነው፤ የአገሬው ሰው ፌሊሲያ ይለዋል። ምድብ ለ በብዛት እዚያ ነው የሚጫወተው፦ ግብፅ፣ ጋና፣ ኬፕ ቨርዴ፣ ሞዛምቢክ። ከስብሰባው አዳራሽ በእግር ትደርሳላችሁ፣ በእግር ትመለሳላችሁ፤ መኪና የሚባል ጣጣ የለም። ጥር 9 ማታ ግብፅ ከጋና ማለት ደግሞ በመካከላቸው 11 ዋንጫ ያላቸው ሁለት አገሮች ናቸው። ዓርብ ጥር 10 የ14 ሰዓቱን የሚያይ ካለ ሙቀቱን ይዘጋጅበት፤ በጥር ቀኑ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፣ ወበቁም ከባድ ነው፤ በፀሐይ በኩል ያለ ወንበር አይቻልም።

ከመንገድ ላይ አትግዙ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ትኬቱ ላይ ያለው ኮድ በር ላይ አንዴ ብቻ ይነበባል። አንዱን ትኬት ለአምስት ሰው አባዝቶ የሸጠ ነጋዴ ካለ የመጀመሪያው ይገባል፣ አራቱ ይመለሳሉ። ስልክ ላይ ያለውን ኮድ ፎቶ አንሥቶ በማኅበራዊ ገጽ መለጠፍም ያው አደጋ አለው።

«ትኬት አልቋል» ሲባል ተስፋ አትቁረጡ። በጅምላ የገዙ ሰዎች ሳይሸጡት የሚቀር ስላለ ጨዋታው ሲቀርብ መሸጫውን ደጋግማችሁ ተመልከቱ።

ላጉን_ዳር · ጥር 2 ቀን 2016

ኤቢምፔ ካልሄድን የሚሉ ካሉ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ።

ጨዋታው 17፡00 ከሆነ ከፕላቶ 12፡30 ላይ ተነሡ። በመተግበሪያ ታክሲ (ያንጎ በብዛት ይሠራል) ብትሄዱ ወደ ስታዲየሙ በር አያደርስም፤ ፖሊስ ከሩቅ ያቆማል፣ የቀረው በእግር ወይም በማመላለሻ አውቶቡስ ነው። ጫማችሁ የሚያስኬድ ይሁን። ውኃ ጠርሙስ፣ ላይተር፣ ጃንጥላ በር ላይ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ጠጡ። የቢሮ ላፕቶፕ ይዛችሁ አትሂዱ። በፍተሻው ላይ ይከለክሉታል፣ አደራ ማስቀመጫም የለም፤ ከስብሰባ በቀጥታ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በዚህ ነው።

የሚከብደው መመለሻው ነው። 60,000 ሰው በአንድ ጊዜ ታክሲ ሲጠራ ዋጋው ይቆለላል፣ ከዚያም ሾፌሩ መድረስ ስለማይችል ራሱ ይሰርዛል። ሁለት መንገድ አለ። ወይ ሾፌር በቀን ተከራይታችሁ ከጥበቃው መስመር ውጭ የሚጠብቅበትን ቦታ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ የስልክ መስመር ስለሚጨናነቅ «እደውልልሃለሁ» አይሠራም። ወይ ደግሞ ጨዋታው ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት እዚያው ቆዩ። አምስት ደቂቃ ቀድሞ መውጣትን አልመክርም፤ ሁሉም ያንኑ ያስባል፣ ያንን ጎልም ታጣላችሁ።

ትኬት ያላገኘ ሰው ምንም አይቀርበትም። ማኪ የሚባሉት ደጅ ያሉ ምግብ ቤቶች ሁሉ ቴሌቪዥን ያወጣሉ፤ የኮትዲቯርን ስሜት የምታዩት እዚያ ነው። ኮኮዲ ብሎክሆስ ሰፈርና አሎኮድሮም፣ ከዚያም ዮፑጎን ሰፊ ናቸው። ለ17 ሰዓት ጨዋታ 15፡00 ላይ ወንበር ያዙ፣ ምግቡንም ወዲያው እዘዙ። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ዓሣ የሚጠብሰው ሰው ራሱ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራል።

ጓዳ · ጥር 2 ቀን 2016

ለጾመኞቹ፦ አቢጃን ለጾም አስቸጋሪ አይደለችም። አቼኬ ከካሳቫ የሚሠራ በእንፋሎት የበሰለ ምግብ ነው፤ አሎኮ ደግሞ በዘይት የተጠበሰ የበሰለ የምግብ ሙዝ። ሁለቱን ከሽንኩርትና ቲማቲም ጋር ብትጠይቁ ምሳ ይሆናል። ስታዝዙ «ሳን ፗሶን፣ ሳን ቪያንድ» በሉ፤ ዓሣም ሥጋም የሌለበት ማለት ነው። አለበለዚያ አቼኬው ላይ ዓሣ መደረቡ ለነሱ የተለመደ ነው። ሾርባና ወጡን ተጠንቀቁ፣ ደረቅ ዓሣ ወይም የሥጋ ቅመም አይታጣበትም። ጋርባ የሚባለው ከተጠበሰ ቱና ጋር ነው፤ ለጾም አይሆንም፣ ለሌላው ቀን ግን ርካሽና የሚያጠግብ ነው።

የዘንድሮ ጥምቀት ቅዳሜ ጥር 11 ስለሆነ ገሃዱ ዓርብ ላይ ይውላል። ያ ቀን ኬፕ ቨርዴ ከሞዛምቢክ የሚጫወቱበት ነው፤ በፀሐይ ላይ ሆኖ ሳይበሉ መዋል ከባድ ስለሆነ የሚጾም ሰው የጥላውን ወንበር ይምረጥ። ጠጪ ላልሆነ ቢሳፕ አለ፣ ከቀይ አበባ የሚሠራ ቀዝቃዛ መጠጥ፤ ዝንጅብሉም ግሩም ነው።

የመስመር_ዳኛ · ጥር 3 ቀን 2016

ከኮትዲቯር ባልደረባ ጋር ወሬ መጀመሪያ ለምትፈልጉ፦ የውድድሩ ኳስ ስሟ ፖኩ ነው፣ የሳን ፔድሮ ስታዲየምም በሎራን ፖኩ ስም ነው የሚጠራው። ፖኩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአውሮፓውያን 1968 ውድድሩ አዲስ አበባና አስመራ ላይ ሲደረግ በ6 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ አገሩ ሲመለስ «የአስመራው ሰው» ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሱዳን ላይ ኮትዲቯር እኛን 6 ለ 1 ስታሸንፍ አምስቱን ያገባው እሱ ነው። በአጠቃላይ 14 ጎል፤ ሳሙኤል ኤቶ እስኪያልፈው ድረስ በአፍሪካ ዋንጫ የማይደፈር ቁጥር ነበር። ዕድሜ የገፋ አይቮሪያዊ ከኢትዮጵያ መምጣታችሁን ሲሰማ አስመራን ያነሣላችኋል፤ በደስታ ስሙት። ከዚያ እናንተ ደግሞ የአውሮፓውያኑን 1962፣ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ያስቀረንበትን አንሡ።

ጉዞ_አስተባባሪ · ጥር 9 ቀን 2016

ናይጄሪያ 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ትሩስት ኢኮንግ በፍጹም ቅጣት ምት። መንገዱ አሁን ጸጥ ብሏል፣ ፕላቶ ውስጥ ግን ለግብፅና ጋና ጨዋታ የተዘጉ መንገዶች አሉ። ከኮኮዲ የሚመለስ ሰው በእግር ቢገባ ይሻለዋል።

ሰነድ_ያዥ · ጥር 9 ቀን 2016

የጠዋቱ ስብሰባ በሰዓቱ አልቋል፣ ሁሉም ተሳታፊ ተገኝቷል። አመሰግናለሁ።

ላጉን_ዳር · ጥር 13 ቀን 2016፣ ማታ

ኮትዲቯር አራት ለባዶ ተሸነፈች። በገዛ አገር፣ በኢኳቶሪያል ጊኒ።

ፕላቶ ያላችሁ ከሆቴል አትውጡ፤ ስታዲየሞቹ ላይ የ20 ሰዓቱ ጨዋታዎች ገና ናቸው። ኤቢምፔ ያላችሁ ሕዝቡ እስኪበተን ቆሙ። የተቆጣ ሰው በብዛት በሚሄድበት መንገድ ላይ መኪና ይዞ መግባት ጥሩ አይደለም፤ ማንም እናንተን ፈልጎ አይመጣም፣ ግን መንገድ ላይ የተያዘ መኪና ሁሉ ድንጋይ ሊነካው ይችላል።

ነገ ጠዋት ስብሰባ ላይ ስለ ጨዋታው እናንተ አታንሡ። ካነሡት «አይዟችሁ» በሉና ስሙ። ቁጥሩን መጥቀስ፣ በስልክ ላይ የሚዞረውን ቀልድ ማሳየት ልብ ይሰብራል። ሐዘን ቤት እንደመግባት ቁጠሩት። አስቸጋሪ የድርድር ነጥብ ካላችሁ ለረቡዕ አቆዩት።

ማርኮሪ · ጥር 14 ቀን 2016

ኮትዲቯር ከውድድሩ ወጥታለች ወይስ አልወጣችም? እዚህ ሁሉም የየራሱን ሂሳብ ይነግረኛል።

የመስመር_ዳኛ · ጥር 14 ቀን 2016፣ ማታ

አልወጣችም። ከስድስቱ ምድቦች አራቱ ምርጥ ሦስተኞች ያልፋሉ። ኮትዲቯር 3 ነጥብና 3 የጎል ዕዳ አላት፤ 2 አግብታ 5 ገብቶባታል። ካለቁት ምድቦች ጊኒ 4 ነጥብ፣ ሞሪታኒያ 3 ነጥብና 1 የጎል ዕዳ ስላላቸው ከላይ ናቸው። ጋና በ2 ነጥብ ከታች ቀርታለች። የቀሩት ሁለት ምድቦች ናቸው፤ ነገ ያልቃሉ። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ሦስተኛው ከኮትዲቯር ካነሰ ትበቃለች።

ናሚቢያ 3 ነጥብና ልክ 3 የጎል ዕዳ አላት፤ በ17 ሰዓት በማሊ ከተሸነፈች ከኮትዲቯር በታች ትወርዳለች። እሷ ነጥብ ካገኘች ዓይን ሁሉ ወደ 20 ሰዓቱ ይዞራል፤ ሳን ፔድሮ ላይ ሞሮኮ ዛምቢያን ካሸነፈች ዛምቢያ በ2 ነጥብ ትቀራለች። ስለዚህ ነገ ማታ አቢጃን በሙሉ ሞሮኮ ናት። ረቡዕ ማታ ከባልደረባ ጋር እራት የያዛችሁ ቴሌቪዥን ያለበት ቦታ አድርጉት።

ጉዞ_አስተባባሪ · ጥር 15 ቀን 2016፣ ማታ

ናሚቢያ ከማሊ 0 ለ 0 ተለያየች፣ ሞሮኮ ግን በሐኪም ዚየች ጎል 1 ለ 0! ኮትዲቯር አለፈች። አሠልጣኙ ዣን ሉዊ ጋሴ ዛሬ ተነሥተዋል፣ ረዳታቸው ኤመርስ ፋዬ ይዞታል። ጎዳናው ሁሉ የመኪና ጥሩምባ ነው። ነገ ጠዋት ስብሰባው 9፡00 ይሁን።

ሰነድ_ያዥ · ጥር 16 ቀን 2016

እኛ ነገ እንጨርሳለን፤ ሁለት ባልደረቦች ግን ሥራው ስለተራዘመ እስከ የካቲት 4 ይቆያሉ። ሰኞ ጥር 20 ከሴኔጋል ጋር ያለው ጨዋታ ያሙሱክሮ ነው። መሄድ ይቻላል?

ላጉን_ዳር · ጥር 16 ቀን 2016

ይቻላል፤ ለሥራ የመጣ ሰው ግን ባይሄድ እመርጣለሁ። ያሙሱክሮ ከአቢጃን 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ አውራ ጎዳና ሆኖ ጥሩ ነው። ችግሩ ጨዋታው 20 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ተጨማሪ ሰዓት ቢመጣ ከስታዲየም የምትወጡት 23 ሰዓት ነው፤ ሆቴል ከሳምንታት በፊት ተይዟል፤ ስለዚህ ሌሊቱን መንዳት ሊሆን ነው። ቀኑን ሙሉ የዋለ ሾፌር፣ መብራት የሌለው ከባድ መኪና፣ በደስታ ወይም በሐዘን የሚከንፍ ደጋፊ፤ አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው። መሄድ ግድ ከሆነ ሁለት ሾፌር ያዙ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ አትቅጠሩ። ከዚያ ብታልፍ ሩብ ፍጻሜው ቡዋኬ ነው፣ ያው መንገድ ላይ ወደ 350 ኪሎ ሜትር። አቢጃን ማኪ ውስጥ ያለው ጨዋታ ከስታዲየሙ አያንስም፤ በጥሎ ማለፍ ደግሞ ይበልጣል።

የመስመር_ዳኛ · ጥር 25 ቀን 2016

ሴኔጋልን በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4፤ ኬሲዬ በ86ኛው ደቂቃ አቻ ካደረገ በኋላ። ዛሬ ማሊን 2 ለ 1፤ ገና ከዕረፍት በፊት አሥር ሰው ሆነው፣ አዲንግራ በ90ኛው፣ ኡማር ዲያኪቴ በተጨማሪው ሰዓት የመጨረሻ ደቂቃ። ይህ ቡድን ከምድብ ያለፈው በሰው ውጤት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወት ስንት ጊዜ ይታያል!

ግማሽ ፍጻሜው ረቡዕ ጥር 29 በ20 ሰዓት ኤቢምፔ ከኮንጎ ዲሞክራቲክ ጋር ነው። ፍጻሜው እሑድ የካቲት 3 እዚያው።

ጉዞ_አስተባባሪ · ጥር 30 ቀን 2016

ሃለር 65ኛው ደቂቃ፣ 1 ለ 0፤ ፍጻሜው ከናይጄሪያ ጋር ነው። የካቲት 4 የምትበሩ ይህን አንብቡ።

በረራው ሰኞ ጠዋት ከሆነ እሑድ ከቀትር በፊት ሻንጣችሁን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ተሻገሩ፤ ማርኮሪ፣ ኩማሲ ወይም ፖርቡዌ አንድ ሌሊት እደሩ። ምክንያቱ ድልድዮቹ ናቸው። ብታሸንፍ ሕዝቡ ጎዳናው ላይ ያድራል፤ ከፕላቶ ወደ ኤርፖርት በሌላ ቀን ቶሎ የሚደረሰው መንገድ ያን ሌሊት ጨርሶ ላይከፈት ይችላል። ጨዋታውን ማርኮሪ ማኪ ውስጥ እዩት። የኤቢምፔ ትኬት ያለው ሰው ግን በረራውን ወደ ሰኞ ማታ ወይም ማክሰኞ ያዛውር፤ ከኤቢምፔ ኤርፖርት ከተማዋን ከጫፍ ጫፍ ማቋረጥ ነው፣ በዚያ ሌሊት አይሞከርም። የአንድ ሌሊት ተጨማሪ ሆቴል ካመለጠ በረራ ያንሳል።

ሂሳብ_ሹም · ጥር 30 ቀን 2016

ይህ ትክክል ነው። ምክንያቱ በጽሑፍ ከቀረበ የተጨማሪው ሌሊት ወጪ ይወራረዳል።

ማርኮሪ · የካቲት 3 ቀን 2016፣ ሌሊት

2 ለ 1! ትሩስት ኢኮንግ ቀድሞ አገባ፣ ኬሲዬ 62ኛው ደቂቃ ላይ አቻ አደረገ፣ ሃለር 81ኛው ላይ ጨረሰው። ማርኮሪ መንገድ ላይ መኪና አይንቀሳቀስም፤ ሰው ጣራ ላይ ነው፣ እናቶች ድስት ይደበድባሉ። ድልድዩ ሙሉ በሙሉ ሰው ነው። ወደ ኤርፖርት የምትሄዱ ከደቡብ በኩል ከሆናችሁ ብቻ ተነሡ።

ሰነድ_ያዥ · የካቲት 5 ቀን 2016

ሁለቱ ባልደረቦች በሰዓቱ በርረው ገብተዋል፤ ኩማሲ ማደራቸው ጠቅሟቸዋል። አሁን ሂሳብ ማወራረድ ላይ ነን። የታክሲ ደረሰኝ የላቸውም፣ የሆቴሉ ደግሞ በሴፋ ነው። እንዴት ይደረግ?

ሂሳብ_ሹም · የካቲት 5 ቀን 2016

የታክሲው በመተግበሪያ ከሆነ የእያንዳንዱ ጉዞ መነሻ፣ መድረሻ፣ ሰዓትና ዋጋ መተግበሪያው ታሪክ ውስጥ አለ፤ አንድ በአንድ አትማችሁ ከጉዞ ሪፖርቱ ጋር አያይዙ። ከስብሰባ አዳራሽ ወደ ሆቴል የሆነው ብቻ ይቀርባል፤ የስታዲየምና የማኪ ጉዞ ከኪስ ነው፣ አትቀላቅሉት። ከመንገድ የተያዘ ታክሲ ደረሰኝ ስለሌለው ቀን፣ ቦታና መጠን ተጽፎ በተጓዡና በቅርብ አለቃው ይፈረም።

የሆቴሉ ወረቀት ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስምና የሆቴሉ ማኅተም መኖሩን እዩ። በካርድ የተከፈለበት ቁራጭ ብቻውን አይበቃም፤ ፋክቲዩሩን (የሆቴሉን ዝርዝር የሂሳብ ሰነድ) ይላኩላችሁ ዘንድ ዛሬውኑ በኢሜይል ጠይቁ። ሴፋውን በ655.957 አካፍላችሁ ወደ ዩሮ ለውጡ፣ ከዚያ ገንዘቡ በወጣበት ቀን ባንኩ በሰጠው የምንዛሪ ወረቀት መሠረት ወደ ብር። ዛሬ ባለው ምንዛሪ ካሰላችሁት ልዩነት ይመጣል፣ ሰነዱም ይመለስባችኋል። የእሑዱ ተጨማሪ ሌሊት ለብቻው መስመር ላይ ይግባ፤ ከሥሩ የፍጻሜውን ቀንና የበረራውን ሰዓት ጻፉ።